ርእሰ አንቀጽ፤ ከማን እንዳገኘነው እንናገር

ባለፈው እትማችን በአራተኛው ገጽ ላይ ስለ ደራስያን መብት አንድ ጽሑፍ ማውጣታችን ይታወሳል። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 «ከስምንት ዓመት በኋላ በአዋጅ ቁጥር 410/2004 ተተካ» ብለን ነበር። ጋዜጣው በታደለ በሦስተኛው ቀን አንድ የሕግ ተማሪ ወደ ዝግጅት ክፍላችን ብቅ ብሎ፣ ሳይቆጣና ሳይሳለቅ፣ ሁለቱ ቁጥሮች የአንድ አዋጅ ቁጥሮች መሆናቸውን አስረዳን። ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛው ዓምድ አዋጁን በኢትዮጵያ አቆጣጠር 410/1996፣ በእንግሊዝኛው ዓምድ ደግሞ በአውሮፓ አቆጣጠር 410/2004 ይለዋል። እኛ ግን አንዱን ሕግ ለሁለት ከፍለን፣ በገዛ ራሱ አሽረነው፣ ለአንባቢ አቀረብነው።

ስሕተቱ እንዴት ተፈጠረ ቢባል መልሱ አጭር ነው። ነጋሪት ጋዜጣውን አላየነውም። አንዱን ቁጥር ከአንድ የአማርኛ መጽሔት፣ ሁለተኛውን ከአንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ቀድተን፣ ሁለቱን በራሳችን ግምት ሰፋናቸው። ከየት እንደ ቀዳናቸውም ለአንባቢ አልነገርንም። ተናግረን ቢሆን ኖሮ ማንም አንባቢ ምንጩን ገልጦ ስሕተቱን በአንድ አፍታ ባገኘው ነበር፤ እኛም ራሳችን ምንጩን ለመጻፍ ስንል ጋዜጣውን ለማየት በተገደድን ነበር።

ይህ ሳያንስ በሳምንቱ አንድ ደብዳቤ ደረሰን። ጸሐፊው ከዓመታት በፊት ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ ተመርቀው አሁን በአንድ የገጠር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። በጽሑፋችን መካከል፣ በቅኔ ቤት የሌላውን ድርሰት የራሱ አስመስሎ የሚያቀርብ ተማሪ በጓደኞቹ ፊት እንዴት እንደሚያፍር የሚተርከው ግማሽ ገጽ፣ ከመመረቂያ ጽሑፋቸው ቃል በቃል የተወሰደ መሆኑን ገለጡልን። እውነት ነው። ከመካከላችን አንዱ ያንን ጽሑፍ ከቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ አውርዶ ማስታወሻ ይዞበት ነበር፤ በማስታወሻው ላይ ግን የማን እንደ ሆነ ሳይጽፍ ቀረ፤ ከወር በኋላ ሲያየው የራሱ ሐሳብ መሰለውና ለማባዣ ሰጠው። ስለ ደራስያን መብት በምንጽፍበት ገጽ ላይ የደራሲ መብት ገፈፍን ማለት ነው።

አስተማሪው በደብዳቤያቸው ገንዘብም ካሳም አልጠየቁም። የጠየቁት አንድ ነገር ነው። ያንን ታሪክ የነገሯቸው ሦስት የቅኔ መምህራን ስማቸው በመመረቂያ ጽሑፋቸው መጨረሻ ተጽፎ ነበር፤ ሁለቱ ዛሬ በሕይወት የሉም፤ በጋዜጣችን ግን ታሪኩ «እንደሚባለው» ተብሎ የማንም ያልሆነ ነገር ሆኖ ወጣ፤ የእኔ ስም ይቅር፣ የመምህራኑ ግን ይታረምልኝ ነው ያሉት።

ይህን ርእሰ አንቀጽ የምንጽፈው ስለዚህ ነው። ሌላውን ለመምከር የሚያበቃ ንጽሕና እንደሌለን አንባቢ ከላይ ተመልክቷል። ነገር ግን ይህ ጉድለት የእኛ የጥቂቶቹ ብቻ ነው ብለን አናምንም።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን ተረት ያልሰማ በመካከላችን የለም። ችግሩ ብዙዎቻችን ያጠለቅነው ወርቅ የሰው መሆኑን አለማወቃችን ነው። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን ጎበዝ የሚባለው አስተማሪው በሰሌዳ የጻፈለትን ሳያዛንፍ የሚመልስ ነበር። ከመጽሐፍ ወደ ደብተር መገልበጥ ትጋት እንጂ ነውር አልነበረም። ያንኑ ልጅ ዩኒቨርሲቲ በገባ በሁለተኛው ወር «የራስህን ሐሳብ ከሌላው ሐሳብ ለይተህ ጻፍ» ማለት፣ ዋና ሳያስተምሩ ከወንዝ እንደ መጨመር ነው። እርግጥ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ቀን፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ፣ ስለ ዋቢ መጻሕፍት አጻጻፍ አንድ ወረቀት ይታደለናል። ወረቀቱ ነጥብና ነጠላ ሰረዝ ከየት እንደሚገቡ በዝርዝር ይናገራል፤ አዲስ አበባ ስለ ታተመ የአማርኛ መጽሐፍ፣ ስለ ብራና መጽሐፍ፣ ከዛፍ ሥር ተቀምጠው ስለሚያጫውቱን ሽማግሌ ግን አንድም ቃል የለውም።

(በነገራችን ላይ ቅኔ «ይዘረፋል» ስንል ባለቅኔው ከራሱ አእምሮ አፍልቆ አወረደው ማለታችን ነው እንጂ ከሌላ ነጠቀ ማለታችን አይደለም። አንዱ ቃል እንዲህ ለተራራቁ ሁለት ነገሮች መዋሉ እስካሁን ይገርመናል።)

ለመሆኑ ምንጭ መጥቀስ ምንድን ነው? አድራሻ መስጠት ነው። አንባቢው እኛን ሳይጠይቅ፣ እኛ የቆምንበት ቦታ ደርሶ፣ እኛ ያየነውን እንዲያይ ነው። ማን ጻፈው ወይም ማን ተናገረው፣ መቼ፣ ምን በሚል ርእስ፣ የት ይገኛል፣ በስንተኛው ገጽ፤ ሌላው ሁሉ፣ ነጠላ ሰረዙም ቅንፉም፣ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ማሰናጃ ነው። ሁሉ የሚያውቀውን ነገር መጥቀስ አያስፈልግም፤ የዐድዋ ጦርነት የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ሆነ ለማለት ዋቢ የሚጠራ ተማሪ ይበዛበታል። ስለ ጦርነቱ መንሥኤ የአንዱን ጸሐፊ ፍርድ ሲቀበል ግን ስሙን መጥራት አለበት። ይህም ቃሉን እንዳለ በትእምርተ ጥቅስ ሲያስገባ ብቻ አይደለም። ሐሳቡን በራሱ ቃል አዙሮ ሲጽፈውም ሐሳቡ የሰውየው ነው። ብዙ ጓደኞቻችን ቃላቱን ከለወጡ ዕዳው የተከፈለ ይመስላቸዋል።

ስለ አጻጻፍ ሥርዓቶቹም አንድ ነገር እንበል። የደራሲን ስምና ዓመቱን በቅንፍ የመጻፍ ልማድ ብዙ ጊዜ የሚቈጠረው የሃርቫርዱ የእንስሳት ጥናት ሊቅ ኤድዋርድ ማርክ በ1881 እ.ኤ.አ. ካወጣው ጽሑፍ ነው። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት መመሪያ በ1906 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ታትሞ በ2024 አሥራ ስምንተኛው እትም ወጥቷል። የአሜሪካ የሥነ ልቡና ማኅበር መመሪያ በ1929 እ.ኤ.አ. ሲጀመር ሰባት ገጽ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ወፍራም መጽሐፍ ነው። እንግዲህ ከሰማይ የወረደ አንድም የለም። እያንዳንዱ የተሰናዳው ለአዘጋጆቹ አገር መጻሕፍትና ለአዘጋጆቹ አገር ስሞች ነው፤ አዲስ ችግር በገጠማቸው ቍጥርም ጨምረውበታል። እኛ በገጠመን ችግር ላይ ብንጨምርበት ድፍረት ሊባል አይገባም።

የመጀመሪያው ችግር ስም ነው። መመሪያዎቹ በአብዛኛው የቤተ ሰብ ስም ይቅደም፣ የራስ ስም በአንድ ፊደል አጥሮ ይከተል ይላሉ። ኢትዮጵያዊ ግን በልማዱ የቤተ ሰብ ስም የለውም፤ ከስሙ ቀጥሎ የሚጠራው የአባቱ ስም ነው። ሐዲስ ዓለማየሁን «ዓለማየሁ፣ ሐ.» ብለን ስንጽፍ መጽሐፉን ለአባታቸው ሰጥተን ደራሲውን ወደ አንድ ፊደል አሳነስናቸው ማለት ነው። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ «ባይከዳኝ፣ ገ.» ሲሆኑ እኚያ በ1911 ዓ.ም. በለጋ ዕድሜያቸው ያረፉ የኢኮኖሚ ሊቅ ከዝርዝሩ ይጠፋሉ። ከሁሉ የባሰው ጥምር ስም ነው። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በዚህ ሥርዓት «ሥላሴ፣ ኅ. ወ.» ይሆናሉ፤ መጽሐፉ ለማን እንደ ተሰጠ አንባቢ ይፍረደው። የታሪክ ጸሐፊው ተክለ ጻድቅ መኩሪያም ራሳቸው «ተክለ»፣ አባታቸው «ጻድቅ»፣ አያታቸው «መኩሪያ» ተደርገው ይቈረጣሉ።

በኢትዮጵያ ጥናት ዘንድ ይህ ነገር ከተፈታ ቈይቷል። ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታተመውን የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት፣ ወይም ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ቅጽ የወጣውን ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካን ለሚገልጥ ሰው፣ የኢትዮጵያዊ ስም ሳይገለበጥ፣ የራስ ስም ቀድሞ የአባት ስም ተከትሎ፣ ሁለቱም ሳያጥሩ መጻፉን ያያል። እኛም የምንለው ይህንኑ ነው። በመጽሐፉ ሽፋን ውስጥ ባለው ገጽ እንደ ታተመ ይጻፍ፤ ጥምር ስም አይለያይ፤ ማዕርግ ከስሙ በፊት ገብቶ የፊደል ተራውን አያበላሽ። ኑሮአቸውን በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ አድርገው የአባታቸውን ስም እንደ ቤተ ሰብ ስም የያዙ ደራስያን ግን አሉ፤ እነርሱ ራሳቸውን እንደሚጠሩት መጥራት ተገቢ ነው። ለነገሩ የፊደሉም ጣጣ ቀላል አይደለም። በሃሌታው «ሀ»፣ በሐመሩ «ሐ»፣ በብዙኃኑ «ኀ» የተጻፈው ስም ሁሉ አንድ ድምፅ ነውና፣ «ኃይሉ»ን በ«ሀይሉ» የሚፈልግ ተማሪ መጽሐፉ በመደርደሪያው ላይ እያለ የለም ብሎ ይመለሳል። ደራሲው በጻፈበት ፊደል መጻፍ ሙያ ከማሳየትም በላይ መጽሐፉን ማስገኘት ነው።

እንግዲህ በሦስት የትምህርት ክፍል ተማሪዎች ዘንድ የሰማነውን እንናገር። የኢትዮጵያዊ ስም ሳይገለብጡ በመጻፋቸው «ሥርዓቱን አልጠበቅህም» ተብለው ነጥብ የተቀነሰባቸው ጓደኞች አሉን። በሌላ ክፍል ደግሞ ያንኑ ስም በመገልበጣቸው የተቀነሰባቸው አሉ። አንዱ ተማሪ ከሁለቱም ክፍል ትምህርት ወስዶ በአንድ ሰሞን በሁለቱም ተቀጥቷል። ይህ የሚያስቅ ነገር ነበር፣ ውጤቱ በመዝገብ ባይሠፍር።

ሁለተኛው ችግር ዓመቱ ነው፤ በእኛም ላይ የደረሰው ይኸው ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» መጀመሪያ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። አንድ ተማሪ በእንግሊዝኛ ጽሑፉ ውስጥ 1958 ብሎ ብቻ ቢተወው፣ የውጭ አገር አንባቢ መጽሐፉ ከታኅሣሡ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ በፊት የወጣ ይመስለዋል፤ ሙከራው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ነበርና። እውነቱ ግን መጽሐፉ የወጣው ከሙከራው በኋላ አምስት ዓመት ያህል ቈይቶ ነው። ስለ መጽሐፉና ስለ ዘመኑ የሚሰጠው ፍርድ ሁሉ በአንድ ቁጥር ይገለበጣል። በአንጻሩ ደግሞ ወደ አውሮፓ አቆጣጠር የተመለሰውን ዓመት ሌላው ተማሪ ሳያውቅ እንደ ገና ስምንት ሲጨምርበት መጽሐፉ ደራሲው ካረፈ በኋላ ተጽፎ ይገኛል።

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ከመስከረም 1 ቀን እስከ ታኅሣሥ 22 ቀን ገደማ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ ስምንት ነው። የታኅሣሡ ሙከራ በ1953 ስለ ሆነ ሰባት ተጨምሮበት 1960 ይሆናል፤ የዐድዋ ድል ግን የካቲት ላይ ነውና 1888 ስምንት ተጨምሮበት 1896 ይሆናል። መጽሐፍ ላይ ወሩ ካልተጻፈ ሰባት ይሁን ስምንት ማወቅ አይቻልም፤ ስለዚህ 1958 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲመለስ 1965/66 ተብሎ በሁለት ዓመት መጻፍ አለበት። እኛ የምንመርጠው በመጽሐፉ ላይ ያለው ዓመት እንዳለ ተጽፎ፣ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ተብሎ ተለይቶ፣ ምላሹ በቅንፍ እንዲከተል ነው። በምንም ምክንያት ቢሆን የታተመውን ዓመት ሰርዞ ምላሹን ብቻ ማኖር አይገባም፤ ስሌቱ ስሕተት ቢሆን አንባቢ የሚመለስበት የለውምና።

ስለ ሕግ ብዙ አንልም፤ ዋጋውን ከፍለን ተምረነዋል። የሕጉ ስም፣ ቁጥሩ ከነዓመቱ፣ የታተመበት ነጋሪት ጋዜጣ ዓመትና ቁጥር ይጻፍ። የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ 213/1992ም 213/2000ም ነው፤ የሕገ መንግሥቱ አዋጅ 1/1987ም 1/1995ም ነው፤ አራት ሳይሆኑ ሁለት ናቸው። ጋዜጣ ሲጠቀስ ደግሞ የጋዜጣው ስም ብቻ አይበቃም። ከግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. ጀምሮ ሲታተም የኖረውን አዲስ ዘመን «አዲስ ዘመን እንደ ጻፈው» ብሎ መጥቀስ ሰውን ወደ መርካቶ ልኮ «እዚያ ጠይቅ» እንደ ማለት ነው። ቀኑ፣ ርእሱ፣ ጸሐፊው ከታወቀ ስሙ፣ ገጹ ይጻፉ።

የብራና መጽሐፍ ግን ጥቂት ያቈየናል። ብራና የገጽ ቁጥር የለውም፤ የሚቈጠረው ቅጠሉ ነው፤ የቅጠሉ ፊትና ጀርባ፣ ጽሑፉ በሁለት ዓምድ ከሆነም ዓምዱ ይለያል። ከዚያ በፊት መጽሐፉ የሚገኝበት ቤተ ክርስቲያን ወይም ቤተ መጻሕፍትና የተሰጠው ቁጥር ይቀድማል። «ክብረ ነገሥት እንዲህ ይላል» ማለት አይበቃም። የትኛው ቅጂ? ወይስ ካርል ቤትሶልድ በ1905 እ.ኤ.አ. ያሳተመው? ጸሐፊ በእጁ የገለበጠው መጽሐፍ ከሌላው ቅጂ በቃልም በመሥመርም ይለያል። ደግሞም ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአገራችን ያሉ ብዙ ሺህ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው ቅጂያቸው በአሜሪካ በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት ኮሌጅቪል ይገኛል፤ ዛሬም ብዙዎቻችን የምናያቸው በዚያ ፊልም ቁጥር ነው። ፊልሙን አይተን ብራናውን እንደ ዳሰስን መጻፍ ሐሰት ነው፤ ፊልሙን አየን ብንል ምን ይጎድልብናል? የጥንት ጸሐፍት ራሳቸው በዚህ ረገድ ከእኛ ይሻሉ ነበር። በብዙ ብራና መጨረሻ ያስጻፈው ማን እንደ ሆነ፣ የጻፈው ማን እንደ ሆነ ተጽፎ፣ አንባቢ በጸሎት እንዲያስባቸው ይለመናል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን፤ ይኸውም በቃል የተነገረን ነው።

ከእኛ መካከል ለመመረቂያ ጽሑፉ ወደ ገጠር ያልወረደ ጥቂት ነው። በአውቶቡስ ተሳፍረን፣ ቀሪውን በእግር ተጕዘን፣ የማናውቃቸው እናትና አባት ደጅ እንደርሳለን። ቡና ይፈላልናል፤ እንጀራ ይቀርብልናል፤ ከዚያ ሽማግሌው ከአባታቸው የሰሙትን፣ በዓይናቸው ያዩትን ያወርዱልናል። ተመልሰን ስንጽፍ ግን እኚያ ሰው «አንድ የአካባቢው ነዋሪ» ይሆናሉ፤ ወይም ፈጽሞ ይጠፉና ነገሩ «ይነገራል» ተብሎ ይቀራል። የሽማግሌውን ቃል ከእኛ የሚወስደው ሁለተኛ ጸሐፊ የእኛን ስም ይጠቅሳል፤ ሦስተኛው የሁለተኛውን ይጠቅሳል። ዕውቀቱ የእርሳቸው ሆኖ በወረቀት ላይ ሰው ያልሆኑት እርሳቸው ብቻ ናቸው።

ቤልጅጋዊው የታሪክ ሊቅ ያን ቫንሲና በ1961 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የቃል ምንጭ እንደ ጽሑፍ ምንጭ ተጣርቶና ተመዝኖ ለታሪክ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል አስረድቷል። በአገራችንም የታሪክ ተማሪዎች በመመረቂያ ጽሑፋቸው መጨረሻ የመረጃ ሰጪዎችን ዝርዝር የማኖር የቈየ መልካም ልማድ አላቸው፤ ስም፣ ዕድሜ፣ የተጠየቁበት ቦታና ቀን፣ ምን እንደሚያውቁ። ከውጭ የመጣው የሥነ ልቡና ማኅበር መመሪያ ግን ጸሐፊው በራሱ ያደረገውን ቃለ ጥያቄ እንደ ግል ግንኙነት ቈጥሮ በጽሑፉ ውስጥ ብቻ እንዲነሣ፣ በዋቢዎች ዝርዝር ግን እንዳይገባ ያዛል፤ ምክንያቱም አንባቢ ሊያገኘው አይችልም ነው። ምክንያቱ ይገባናል። ነገር ግን መጽሐፍ በጥቂቱ በተጻፈበት አገር ይህን ሕግ እንዳለ መቀበል የአገሩን ሊቃውንት ግማሽ ከዝርዝር ማስወጣት ነው። ስለዚህ በየትኛውም ክፍል ያለ ተማሪ የታሪክ ክፍልን ልማድ ቢከተል እንወዳለን። ስማቸው ሰው በሚጠራቸው ማዕርግ፣ ከአለቃም ከእማሆይም ጋር ይጻፍ፤ የነገሩን ያዩትን ይሁን የሰሙትን፣ ከሰሙም ከማን እንደ ሰሙ ይጻፍ፤ የተነጋገርንበት ቋንቋ፣ ቃሉ ተቀርጾ እንደ ሆነ ቅጂው የት እንደ ተቀመጠ ይጻፍ። ደግሞም በመጨረሻው ዝርዝር ብቻ ሳይሆን በግርጌ ማስታወሻው ላይም ይግባ። ለምን እንዲህ እንደምንል ከታች ይታያል።

ስም መጻፍ የሚጎዳቸው ሰዎች ይኖራሉ። ስለ መሬት ክርክር፣ ስለ ግጭት፣ ስለ በሽታ የነገሩንን ሰው በስሙ ብንጠራ ጐረቤት ያጣል፤ ከዚያም የባሰ ሊደርስበት ይችላል። እንግዲህ ሳንጠይቅ ስም መጻፍም ሳንጠይቅ ስም መሰወርም ሁለቱም ጥፋት ነው። «ስምዎ ቢጻፍ ይፈቅዳሉ?» ብሎ መጠየቅ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ስም ከተሰወረም በጠያቂው ፈቃድ ሳይሆን በተናጋሪው ፈቃድ መሰወሩ ይገለጥ።

ያላዩትን መጽሐፍ ስለ መጥቀስም አንድ ቃል እንበል። ከአንድ መጽሐፍ የግርጌ ማስታወሻ ላይ ሌላ መጽሐፍ አግኝተን፣ ሁለተኛውን እንዳነበብን አድርገን መጻፍ በመካከላችን በጣም የተለመደ ነው። አንዳንዱ ጓደኛችን በጀርመንኛ የተጻፈ መጽሐፍ በአምስት ቦታ ይጠቅስና ጀርመንኛ ታውቃለህ ወይ ሲባል ይስቃል። እገሌ በእገሌ እንደ ተጠቀሰው ብሎ መጻፍ ውርደት የለበትም። የሚያዋርደው፣ የመጀመሪያው ጸሐፊ የገጽ ቁጥር ተሳስቶ እንደ ሆነ ያንኑ ስሕተት ይዞ መገኘት ነው፤ ስሕተቱ እንደ ጣት አሻራ ማን ከማን እንደ ገለበጠ ይናገራልና። «ዝኒ ከማሁ»ም ጥሩ ቃል ሆኖ ሳለ ገጹን ሁሉ ሞልተው የሚደረድሩት አሉ፤ በመካከሉ አዲስ ማስታወሻ ሲገባ «ከማሁ» የማን እንደ ሆነ ይጠፋል።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ዋቢውን ራሱ የሚፈጥር መሣሪያ መጥቷል። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ተጠይቆ የደራሲ ስም፣ የመጽሔት ስም፣ ዓመትና ገጽ አሳምሮ ይሰጣል፤ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሲኬድ ግን እንዲህ ያለ ጽሑፍ አልነበረም። በ2023 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ በፌዴራል ፍርድ ቤት ሁለት ጠበቆች በዚህ መንገድ የተፈጠሩ ስድስት የሌሉ ፍርዶችን ጠቅሰው በመቅረባቸው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። መሣሪያውን የተጠቀመ ተማሪ መጠቀሙን ይናገር፤ የሰጠውን ዋቢ ሁሉ ግን በእጁ ገልጦ ሳያይ አይጻፍ። እኛ ያለ መሣሪያ አንድ የሌለ የሕግ መሻር ፈጥረናልና በዚህ ነገር ላይ ድምፃችንን ከፍ አናደርግም።

የተከበራችሁ መምህሮቻችን ሆይ፣ ለእናንተም ሁለት ነገር አለን። የመጀመሪያው ልመና ነው። የትምህርት ክፍሎቹ ተሰብስበው ስለ ኢትዮጵያዊ ስም፣ ስለ ዘመን አቆጣጠር፣ ስለ ቃል ምንጭና ስለ ብራና በአንዲት ገጽ ላይ ቢስማሙልን፣ የቀረውን እያንዳንዱ ክፍል እንደ ልማዱ ቢያደርግ አንቃወምም። ገጿን በነፃ አባዝተን ለአዲስ ገቢዎች ለማደል የተማሪዎች ማኅበር ዝግጁ ነው።

ሁለተኛው ልመና አይደለም። ተማሪ ወደ ገጠር ወርዶ የሰበሰበው መረጃ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ስሙ ሳይነሣ በመምህሩ ስም በመጽሔት ታትሞ የተገኘበት ጊዜ አለ። ይህ የሁሉም ጠባይ አይደለም፤ ስማችንን ከስማቸው ጐን ያኖሩልን፣ ቢያንስ በግርጌ ማስታወሻ ያመሰገኑን መምህራን እናውቃለን፤ እናከብራቸዋለንም። ነገር ግን ተማሪው ሁለት መሥመር ከመጽሐፍ ቢወስድ ወደ ሥነ ሥርዓት ኮሚቴ የሚቀርብበት ቤት ውስጥ፣ ሙሉ ምዕራፍ ከተማሪ የወሰደ ሰው የማዕርግ ዕድገት የሚያገኝ ከሆነ፣ ስለ ዋቢ አጻጻፍ የሚታደለውን ወረቀት ማን ከልቡ ያነበዋል? የቅጅ መብት አዋጁ ከታተመ ሥራ መጥቀስን ሲፈቅድ ምንጩና የደራሲው ስም እንዲገለጥ ያዛል፤ ደራሲው ተማሪ ከሆነ ይቅር የሚል ቃል ግን አላገኘንበትም። በዚህ ጊዜ ነጋሪት ጋዜጣውን ራሱን አይተናል።

ከሚቀጥለው እትም ጀምሮ ወደዚህ ጋዜጣ የሚላክ ጽሑፍ ምንጩ ካልተጻፈበት ለጸሐፊው ይመለሳል። ቦታ ጠብቦን የግርጌ ማስታወሻውን ማተም ባንችል እንኳ በዝግጅት ክፍላችን አኑረን ለጠየቀን ሁሉ እናሳያለን።

ባለፈው እትም ገጽ 4 ላይ የነበረው «ከስምንት ዓመት በኋላ በአዋጅ ቁጥር 410/2004 ተተካ» የሚለው ሐረግ በሙሉ ይሰረዝ። በዚያው ገጽ በቅኔ ቤት ስላለው ልማድ የተጻፈው ግማሽ ገጽ ከአንድ የቀድሞ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ የተወሰደ መሆኑ ይታወቅ፤ የጸሐፊው ስም በራሳቸው ፈቃድ በሚቀጥለው እትም ይወጣል። የሦስቱን የቅኔ መምህራን ስም ዛሬውኑ ለማተም ፈልገን ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄደን ነበር። በቤተ መጻሕፍቱ ያለው ቅጂ ግን የመረጃ ሰጪዎች ዝርዝር የነበረበት የመጨረሻው ቅጠል ተገንጥሏል፤ መምህራኑም በሌላ በየትኛውም ገጽ በስም አልተነሡም። አስተማሪው የራሳቸውን ቅጂ እንዲልኩልን ደብዳቤ ጽፈናል። ሲደርሰን ስማቸውን በመጀመሪያው ገጽ ላይ እናትማለን፤ ቅጠሉንም አስገልብጠን ለቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ እንሰጣለን፤ በቦታው እንዲሰፉትም ቃል ገብተውልናል።